ሽማግሌ አንዳርጋቸው

ጢሜን ቆጥሬያለሁ፤ አሥራ አንድ ነው በሙሉ።
ደረቴ ላይ "ሽማግሌ" ይላል፤ አንብበው ይስቃሉ።
የፒያሳ ባጃጆች መንገዱን ይዘጉና
"ሽማግሌ ይለፍ!" ይላሉ፤ አልፋለሁ፣ ምን ምርጫ አለኝና።

ከሥሩ የተጻፈው የአባቴ ስም ነው፤
የራሴን፣ እናቴ ያወጣችውን፣ እዚህ ማን ሊያውቀው?
ቀኑን ሙሉ "አንዳርጋቸው!" ሲሉኝ "አቤት" እላለሁ።
አባቴ ስሜን ከጠራ ዓመት አለፈው፤
እኔ ግን በስሙ እጠራለሁ።

ጧት አሥራ ሁለት ተኩል። ጦሳ ጉሙን አላወለቀም።
ዋንጃላ፣ ጓዴ፣ የኪታሌው ልጅ፣ ተንበርክኳል፤
ትንፋሹ ይታያል፤ ቃሉ አይሰማም።
ነጭ ሸሚዜ ሁለት ነው፤ አንዱ ገመድ ላይ ከረመ፣
ሐምሌ በደሴ ልብስ አይደርቅም፤ ፀሐዩም ታመመ።

እናንኳኳለን። "ግቡ" ይላሉ፤ ወሎ "ሂዱ" ማለት አይሆንለትም።
"ሻይ?" "አንጠጣም።" "ቡና?" "አንጠጣም።" "ጫትስ?" "እሱንም።"
"በሉ ምን ልስጣችሁ የሰው ልጆች!" ያለች አንዲት ሴት
ሙቅ ውሃ በስኳር ቀዳችልን፣ ለበሽተኛ እንደሚሰጥ መድኃኒት።
መጽሐፉን ከፍተን እናወራለን፤
ስለ ተቀበረ የወርቅ ሰሌዳ፣ ጫካ ገብቶ ስለ ጸለየ ልጅ።
"እሱስ ደግ ነው" ይሉናል፤ ውሃውን ይደግሙልናል።
በሰባት ወር እስከ ጥምቀቱ የተከተለን የለም።

ታዲያ ለምን ትቆያለህ?
(ራሴን ነው የምጠይቀው፤ ማታ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ።)
እግዜር በነጎድጓድ አላናገረኝም፤ መልአክም አላየሁ፤
ደብረ ዘይት፣ ሐይቁ ዳር፣ አንድ ማታ ብቻዬን ጠየቅሁ፤
ደረቴ ውስጥ ሲጮህ የኖረ ነገር፣ ድንገት፣ ዝም አለ።
ያ ዝምታ ነው እስከዚህ ያመጣኝ፤ አሁንም እዚያው አለ።
የአባቴ ዝምታ ግን ሌላ ነው፤
በር አለው፤ ከውስጥ ተቀርቅሯል።

ረቡዕ። ሆጤ። ዝናብ።
አባ ይማም ልብስ ሰፊውና እትዬ የሺመቤት በቦይ ተጣልተዋል፤
የሷ ጣራ ውሃ በሱ ደጅ ይወርዳል፣ ጨርቁ ይበሰብሳል፤
"በአላህ!" ይላል እሱ፤ "በማርያም!" ትላለች እሷ፤ ጎረቤት ይሰበሰባል።
አንዲት የሁለተኛ ክፍል ልጅ ደረቴን ፊደል በፊደል አነበበች፦
"ሽማግሌ... አንድ... አርጋቸው። አንድ አርጋቸው ይላል እኮ!" አለች፣
"ታዞ ነው የመጣው!"
ሳቁ ከቆርቆሮው ዝናብ በለጠ። ዱካ አምጥተው
መሃል አስቀመጡኝ፤ ሁለት ሽበት ግራና ቀኝ ትኩር ብለው።

ምን ልበል? ከተማርኩት ሁሉ ስለ ቦይ የሚል ምዕራፍ የለም።
ከረባቴን ፈታሁ። ዶማ ለመንኩ።
ዋንጃላ አካፋ ያዘ፤ አንድ ቃል አልተናገረም።
ቆፈርን። ሸሚዜ፣ ያ በስንት መከራ የደረቀው፣ ጭቃ ጠጣ።
"ወደ ግራ!" አለ አባ ይማም።
"ወደ ግራ እንጂ!" አለች እሷም፣ "ምን ያጣምመዋል፣ ቀጥ ብሎ ይውጣ!"
እኛን በመገሠጽ ተስማሙ።
እርቅ በዚህም በር ኖሯል የሚመጣ።

አሥራ አንድ ሰዓት። አባ ይማም በማንቆርቆሪያ እያስታጠበኝ
"አባትህ ዶማ መያዝህን ያውቃል?" ሲል ጠየቀኝ።
"አያናግረኝም" አልኩ፤ ሌላም ልል ነበር፣ ውሃው ቀድሞኝ ፈሰሰ።
ዝም አለ። ጋቢውን አራገፈ፣ መልሶ ለበሰ።
"ቁጥሩን በል።"
"ዛሬ ሰኞ አይደለም" አለ ዋንጃላ፤
ወደ ቤት የምንደውለው በሰኞ ብቻ ነውና።
ቆይቶ ግን፣ ቀስ ብሎ፣ ደሴ ባስተማረችው ቃል፦ "አብሽር።"

ጠራ። ጠራ። ዝናቡ ቆመ፤ ወይ እኔ መስማት አቆምኩ።
"አቤት፤ አንዳርጋቸው ነኝ፤ ማን ልበል?"
ያው ድምፅ ነው። ትንሽ አርጅቷል።
አባ ይማም ጉሮሮውን ጠረገ፤
ጣቱን ደረቴ ላይ፣ ሰሌዳዋ ላይ አሳረፈ፣ እንደሚያነብ ሰው፤
"ሽማግሌ ነኝ" አለ፣ "ከደሴ።"